ወንበርና ድምፅ፦ የሴቶች የፖለቲካ ተሳትፎ ከየጁ ቤተ መንግሥት እስከ ሀብሩ ቀበሌ

በ1987 ዓ.ም. በተመረጠው የመጀመሪያው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሴቶች ድርሻ ከ3 በመቶ በታች ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ በ2007 ዓ.ም. ከ547ቱ ወንበሮች 212ቱን ሴቶች ያዙ፤ 38.8 በመቶ መሆኑ ነው። ይኸው የ2007ቱ ምክር ቤት ግን በወቅቱ ገዥ የነበረው ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም ወንበሮች የጠቀለሉበት፣ አንድም የተቃዋሚ ፓርቲ ተወካይ ያልገባበት ምክር ቤት ነበር። ሴቶች በብዛት የገቡበት አዳራሽና ፉክክር የጠፋበት አዳራሽ አንድ ሆነው ተገኙ።

ይህ መገጣጠም እንዴት ይነበብ? በኢትዮጵያ ስለ ሴቶች የፖለቲካ ተሳትፎ የሚደረገው ክርክር ከሞላ ጎደል በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ይዞራል። ክርክሩን ለመከተል በቅድሚያ “ተሳትፎ” የሚለውን ቃል መፍታት ያሻል፤ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ጆንያ የሚከት ቃል ነውና። አንደኛው ወንበር ነው፤ በምክር ቤት፣ በካቢኔ ወይም በቀበሌ ኮሚቴ ውስጥ ተቆጥሮ መገኘት። ሁለተኛው ድምፅ ነው፤ ተናግሮ መደመጥ፣ አጀንዳ ማስያዝ፣ “አይሆንም” ማለት። ሦስተኛው ውሳኔ ነው፤ በጀቱ፣ መሬቱና ሹመቱ ሲወሰን እጅን ማሳረፍ። አንዱ ሌላውን ይወልዳል ብለው የሚያስቡ አሉ። በወልድያ፣ በመርሳና በጠቅላላው በሰሜን ወሎ ያለው ታሪክ ግን ሦስቱ ተነጣጥለው መኖር እንደሚችሉ ያሳያል።

መነሻ፦ ሥልጣን በዘር፣ ሥልጣን በእናትነት

ወልድያ የየጁ አውራጃ መዲና ነበረች። የየጁ መሳፍንት፣ ወረሼሆቹ፣ በዘመነ መሳፍንት ለሰባት አሥርት ዓመታት ያህል በጎንደር ዙፋን ጀርባ ሆነው አገሪቱን ሲያሽከረክሩ፣ በመጨረሻው ምዕራፍ ጎልታ የምትታየው ሴት ናት፤ የወሎው የኢማም ሊበን አመዴ ልጅ፣ የራስ አሊ 2ኛ እናት እቴጌ መነን። ጦር አዝምተዋል፣ ግዛት አስተዳድረዋል፤ በ1839 ዓ.ም. ደግሞ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ ከሆኑት ጋር ተዋግተው ተማርከዋል። ከእሳቸው በኋላ በወሎዋ ወረ ሂመኖ ወርቂትና መስተዋት የተባሉ ሁለት ሴቶች በየልጆቻቸው ስም ሆነው እርስ በርስ እየተፎካከሩ ገዝተዋል። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከቴዎድሮስ አምባ ከመቅደላ ሲያመልጡ ወርቂት እጅ ገብተው ነበር። ልጇ በቴዎድሮስ እጅ መያዣ ሆኖ ሳለ እንግዳዋን አሳልፋ አልሰጠችም፤ ልጇም ከመቅደላ ገደል ተወርውሮ ሞተ።

እነዚህን ስሞች ጠቅሶ “ሴቶቻችን ድሮም ይገዙ ነበር” ማለት የተለመደ ነው። አባባሉ ሐሰት አይደለም፤ ግን ሁለት ነገሮችን ያምታታል። እቴጌ መነንም ወርቂትም ውሳኔ ነበራቸው፤ ያገኙት ግን የእከሌ ልጅ፣ የእከሌ እናት በመሆን ነው። ውሃ ቀድታ ለምትገባው ገበሬ ሴት ከዚያ ሥልጣን የሚደርሳት ነገር አልነበረም። የባላባት ሴት ሥልጣን የሴቶች ሥልጣን ማለት አልነበረም።

የዚያኑ ሥርዓት ወሰን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው የንግሥት ዘውዲቱ ታሪክ ነው። ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም. ሲነግሡ ባለቤታቸው ራስ ጉግሣ ወሌ ነበሩ፤ የየጁው ገዥ የራስ ወሌ ብጡል ልጅ፣ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ። ዙፋኑ ለዘውዲቱ ሲሰጥ ከባላቸው እንዲለዩ ተደረገ፤ ራስ ጉግሣ ወደ በጌምድር ግዛታቸው ሄዱ፤ የመንግሥቱ ሥራ በአልጋ ወራሹ በራስ ተፈሪ እጅ ገባ። በመጋቢት 1922 ዓ.ም. ራስ ጉግሣ አንቺም ላይ ተዋግተው ሞቱ፤ ንግሥቲቱም በሁለተኛው ቀን አረፉ። ዘውድ ነበራቸው፤ ውሳኔው ግን ቀስ በቀስ ከእጃቸው ወጥቶ ነበር። ዛሬ በምክር ቤት ወንበሮች ላይ የሚነሳው ጥያቄ ከመቶ ዓመት በፊት በትልቁ ወንበር ላይ ተነሥቶ ነበር።

ከዘር ወደ ዜግነት፣ ከዜግነት ወደ ማኅበር

በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ፓርላማ ቢያቋቁምም የሕዝብ ምርጫ አልነበረበትም። በዜግነት የመምረጥና የመመረጥ መብት ለሴቶችም ለወንዶችም የመጣው በተሻሻለው የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ነው። ከዚያ በኋላ በተካሄደው የመጀመሪያው ምርጫ ወ/ሮ ስንዱ ገብሩ ከአዲስ አበባ ተመርጠው የመጀመሪያዋ ሴት የሕዝብ እንደራሴ ሆኑ። በስዊዘርላንድ የተማሩ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን አዚናራ ደሴት ታስረው የተመለሱ፣ የእቴጌ መነን (ከየጁዋ መነን ሌላ ናቸው) ትምህርት ቤትን የመሩ ሴት ነበሩ። ፓርላማ ሲገቡ ግን ከጎናቸው የሚቆም የሴቶች ፓርቲም ማኅበርም አልነበረም፤ ፓርቲ የሚባል ነገር ራሱ አልተፈቀደም ነበር። መብቱ በሕግ አለ፤ መብቱን የሚሸከም ድርጅት ግን የለም።

የ1966ቱ አብዮት ይህን ገለበጠው። የወሎ ረኀብ መደበቁ ባስነሳው ቁጣ ጭምር የወደቀው ሥርዓት በድርጅት በሚያምን ሥርዓት ተተካ። በ1972 ዓ.ም. የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር ተመሠረተ፤ መዋቅሩም እስከ ቀበሌ ወረደ። አሁን ድርጅት አለ፤ ግን የማኅበሩ ሥራ የፓርቲውን መመሪያ ወደ ታች ማውረድ እንጂ የሴቶቹን ብሶት ወደ ላይ ማውጣት አልነበረም። በመሬት ረገድም የ1967 ዓ.ም. አዋጅ በጾታ ሳይለይ የመጠቀም መብት ቢሰጥም፣ መሬቱ የሚመዘገበው በቤተሰብ ኃላፊ ስም ስለነበር ባል ያላት ሴት ስሟ ከመዝገብ ውጭ ሆነ።

ከዚህ የሚቀረው ትምህርት አጭር ነው። የንጉሡ ዘመን መብትን ያለ ድርጅት፣ የደርግ ዘመን ድርጅትን ያለ ነፃነት ሰጠ። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ያለው ክርክር ሁለቱን ማገናኘት ይቻላል ወይ የሚል ነው።

አንቀጽ 35ና የቁጥሩ መሰላል

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ለሴቶች እኩልነት ብቻ ሳይሆን ያለፈው የታሪክ በደል ያሳደረባቸው ጫና እንዲካስ የድጋፍ እርምጃ የማግኘት መብትንም ደነገገ። ይህ ከብዙ አገሮች ሕገ መንግሥቶች ቀድሞ የሄደ አንቀጽ ነው። ሆኖም በምክር ቤቱ ውስጥ ለሴቶች የተመደበ ወንበር አላስቀመጠም። አንቀጽ 54 ደግሞ በአንድ የምርጫ ክልል አብላጫ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል የሚለውን ሥርዓት መረጠ። ከአንድ ቦታ አንድ ሰው ብቻ በሚያልፍበት ሥርዓት ፓርቲዎች “የሚያሸንፍ” የሚሉትን ሰው ያቀርባሉ፤ ያ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነው።

ስለዚህ ቁጥሩ ያደገው በሕግ ኮታ ሳይሆን በፓርቲ ውሳኔ ነው። ኢሕአዴግ ከ1997ቱ ምርጫ በፊት ከዕጩዎቹ 30 በመቶው ሴቶች እንዲሆኑ ወሰነ። በ1992 ዓ.ም. 42 የነበሩት ሴት ተመራጮች በ1997 ዓ.ም. 117፣ በ2002 ዓ.ም. 152፣ በ2007 ዓ.ም. 212 ደረሱ። በ2013 ዓ.ም. በተመረጠው ምክር ቤትም ድርሻቸው ከ40 በመቶ በላይ ሆኗል። በታችኛው እርከን ዕድገቱ የበለጠ ፈጣን ነበር። በ2000 ዓ.ም. በተደረገው የአካባቢ ምርጫ ቀበሌዎችን ጨምሮ ከ3 ሚሊዮን በላይ መቀመጫዎች ለምርጫ ሲቀርቡ፣ ገዥው ፓርቲ የቀበሌና የወረዳ ምክር ቤቶች ግማሽ በግማሽ ይሁኑ ብሎ ነበር።

በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ጥያቄው ወደ አስፈጻሚው ተሻገረ። በጥቅምት ወር ከ20 ሚኒስትሮች 10ሩ ሴቶች ሆኑ፤ ወ/ሮ ሣህለወርቅ ዘውዴ ርዕሰ ብሔር፣ ወ/ሮ መዓዛ አሸናፊ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት፣ በኅዳር ደግሞ ወ/ሪት ብርቱካን ሚደቅሳ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ። ከ2013ቱ ምርጫ በኋላ በተዋቀረው ካቢኔ ግን ግማሽ በግማሹ አልዘለቀም። በአማራ ክልልም የምክር ቤቱን አፈ ጉባኤነት እንደ ወ/ሮ ወርቅሰሙ ማሞና ወ/ሮ ፋንቱ ተስፋዬ ያሉ ሴቶች ሲይዙት፣ የርዕሰ መስተዳድርነቱን ወንበር እስካሁን የያዘች ሴት የለችም። ጉባኤ መምራትና በጀት መምራት አንድ እንዳልሆኑ ከዚህ ይታያል።

አራት አቋሞች

ይህን ጉዞ የሚያዩ ሰዎች በአራት ጎራ ይከፈላሉ። አራቱም “ምን ይቅደም?” ለሚለው ጥያቄ የተለያየ መልስ አላቸው።

*ቁጥር ይቅደም።* የመጀመሪያዎቹ ወንበር ካልተያዘ የቀረው ሁሉ ምኞት ነው ይላሉ። ጠንካራው ማስረጃቸው ከህንድ የመጣ ነው። ህንድ እ.ኤ.አ. በ1993 ባደረገችው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ከመንደር ምክር ቤቶች ወንበርና መሪነት አንድ ሦስተኛውን ለሴቶች አስከበረች። የትኛው መንደር በሴት እንደሚመራ በዕጣ መሰል አሠራር ስለሚወሰን፣ ተመራማሪዎች በሴት የሚመሩና የማይመሩ መንደሮችን በትክክል ማወዳደር ቻሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቻቶፓድያይና የዱፍሎ ጥናት በምዕራብ ቤንጋልና በራጃስታን ሴቶች የመሯቸው መንደሮች ለመጠጥ ውሃ የበለጠ ገንዘብ እንዳዋሉ አሳየ፤ ውሃ ደግሞ ሴቶች ደጋግመው የሚያነሱት አቤቱታ ነበር። የሐሳቡ ደጋፊዎች ከዚህ ተነሥተው ወንበሩ ራሱ ድምፅን ይወልዳል ይላሉ፤ ሴት ሊቀ መንበር እያየች ያደገች ልጅ ሥልጣንን የወንድ ሥራ አድርጋ አታስብም።

*ፉክክር ይቅደም።* ሁለተኛዎቹ የኢትዮጵያን ሠንጠረዥ ከህንዱ አጠገብ ያስቀምጡና ልዩነቱን ያሳያሉ። በ1997 ዓ.ም. ተቃዋሚዎች ከ170 በላይ ወንበር ሲያገኙ የሴቶች ድርሻ 21 በመቶ ነበር። በ2002 ዓ.ም. ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547ቱ 545ቱን ሲወስዱ 28 በመቶ ሆነ። በ2007 ዓ.ም. ሁሉንም ሲወስዱ 39 ደረሰ። ፉክክሩ በወረደ መጠን ቁጥሩ ወጣ። ይህ አንዱ ሌላውን አመጣው ለማለት አይበቃም፤ ግን ወንበሩን የሰጠው መራጩ ሳይሆን ፓርቲው መሆኑን ያመለክታል። ፓርቲው የሰጠውን ደግሞ ፓርቲው ይነሳል። በዩጋንዳ ለየአውራጃው የተመደቡትን የሴት ወንበሮችና በሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2013 ምርጫ 64 በመቶ የደረሰውን የሴቶች ድርሻ የመረመሩ ምሁራንም፣ ጠንካራ ገዥ ፓርቲ ባለበት አገር የሴቶች ቁጥር ታማኝነትን ማደራጃ ሊሆን እንደሚችል ጽፈዋል።

የዚህ ወገን ብርቱ ማስረጃ የሕጎቹ የዘመን ቅደም ተከተል ነው። የጋብቻን ዕድሜ ወደ 18 ዓመት ያሳደገውና ባልን የቤተሰብ ኃላፊ ያደርግ የነበረውን አሮጌ ድንጋጌ የሻረው የቤተሰብ ሕግ የጸደቀው በ1992 ዓ.ም. ነው፤ በምክር ቤቱ ያሉት ሴቶች ከ3 በመቶ በታች በነበሩ ጊዜ። የሴት ልጅ ግርዛትንና ጠለፋን በዝርዝር በወንጀልነት የደነገገው የወንጀል ሕግ በ1996 ዓ.ም. ሲወጣ ድርሻቸው ወደ 8 በመቶ ገደማ ነበር። ከውጭ ምንጭ ከ10 በመቶ በላይ ገንዘብ የሚያገኝ ማኅበር በጾታ እኩልነትና በመብት ጉዳይ እንዳይሠራ የከለከለው የ2001ዱ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ደግሞ 21 በመቶ ሴቶች ባሉበት ምክር ቤት አለፈ። ለሴቶች የበጁት ሕጎች ሴቶች በጥቂቱ ባሉበት ጸደቁ፤ የሴቶችን ማኅበራት ያዳከመው ሕግ ሴቶች በበዙበት ጸደቀ።

*ማኅበር ይቅደም።* ሦስተኛዎቹ ከዚሁ ቅደም ተከተል ሌላ ነገር ያነባሉ። የ1992ቱን ሕግ ያመጣው ምክር ቤቱ ሳይሆን ከውጭ የገፋው ኃይል ነው፤ በተለይ በ1987 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር። ማኅበሩ በፍርድ ቤት ደጅ የሚንከራተቱ ሴቶችን በነፃ ይሟገትላቸው ነበር፤ የሕግ ማሻሻያውን በየመድረኩ ያነሳ ነበር። በአንድ ወቅት ለጊዜው ታግዶ ነበር፤ የ2001ዱ አዋጅ ሲመጣ ደግሞ ሥራው ከሞላ ጎደል ተሽመደመደ። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዲስ ሕግ ሲተካ የቆዩት ማኅበራት አንሠራሩ፤ ሴቶችን ለምርጫ ውድድር ማዘጋጀትን ሥራው ያደረገው ትምራንን የመሰሉ አዲሶችም መጡ።

የማኅበር ወገኖች ያልተፈታ ጣጣ ግን አለባቸው። የእነዚህ ማኅበራት ገንዘብ በአብዛኛው የሚመጣው ከውጭ ለጋሾች ነው። የዴሞክራሲ ድጋፍ የሚባለው ሥልጠና አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባና ባሕር ዳር ላይ ይደረጋል፤ ወልድያ ሲደርስ የሁለት ቀን አውደ ጥናት ይሆናል፤ መርሳ ሲደርስ ደግሞ የውሎ አበል ጨዋታ ይሆናል። ድጋፍ ሰጪ ሲሄድ የሚሄድ ማኅበር የማን ማኅበር ነው የሚለው ጥያቄ የመንግሥት ሰዎች ብቻ የሚያነሱት አይደለም።

*ደብተር ይቅደም።* አራተኛዎቹ ሐተታውን ሁሉ ወደ መሬት ያወርዱታል። በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የተሰጠው የገጠር መሬት ይዞታ ደብተር በባልና በሚስት ስም ነው፤ የሁለቱም ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ተለጥፎበት። ክልሉ በ1995 ዓ.ም. ያወጣው የራሱ የቤተሰብ ሕግም በፍቺ ጊዜ የጋራ ንብረት እኩል እንዲከፈል ያዛል። የመሬት ምዝገባውና የቤተሰብ ሕጉ እንዴት እንደተደጋገፉ ያጠኑ ኢኮኖሚስቶች፣ ሕጉን ያወቁና ምዝገባውን ያዩ ቤተሰቦች በፍቺ ጊዜ ንብረት እኩል ይከፈል ወደሚል አስተሳሰብ እንዳዘነበሉ አሳይተዋል። የዚህ ወገን ክርክር ቀላል ነው፤ ፎቶዋ በደብተሩ ላይ ያለ ሴት በስብሰባም ትናገራለች።

ደብተሩን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ግን ሌላም ነገር ይመለከታል። ሴት ሞፈር አትጨብጥም የሚለው ልማድ በሰሜን ወሎ ጸንቷል። ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች ሴት መሬቷን ለሚያርስ ወንድ በእኩል ትሰጣለች፤ በሬው የእሱ፣ ጉልበቱ የእሱ፣ ምርቱ ለሁለት ይከፈላል። ደብተሩ የእሷ ነው፤ የዘርና የመከር ውሳኔው ግን በከፊል የራሷ ካልሆነ በሬ ጋር ይሄዳል። በወረቀት ላይ ባለው መብትና በማሳ ላይ ባለው አቅም መካከል ያለው ርቀት፣ በወንበርና በድምፅ መካከል ካለው ርቀት ጋር አንድ ዓይነት ነው።

ሀብሩ ላይ ሲታይ

ሀብሩ የየጁ ቆላና ወይና ደጋ የተገናኙበት ወረዳ ነው። ዋና ከተማው መርሳ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ላይ ናት፤ የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም የመርሳ ግብርና ኮሌጅም በወረዳው ውስጥ ናቸው። ከግብርና ጋር የተያያዘ ተቋም ሞልቶ ሳለ፣ የፖለቲካ ሥልጣን ለሴቶች የሚደርስበት መንገድ ሌላ ቦታ ከሚታየው ብዙም አይለይም።

የቀበሌ ስብሰባ ጥሪ ለሴቶች ለረጅም ጊዜ ሲደርስ የነበረው በልማት ቡድንና በአንድ ለአምስት አደረጃጀት ነው። ይህ መረብ በ2000ዎቹ መጀመሪያ በሴቶች ልማት ሠራዊት ስም ሲዘረጋ፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ሆኖ ክትባትን፣ የእናቶች ጤናንና የመጸዳጃ ቤት ግንባታን ወደ ቤት አድርሷል። ቡድን መሪዋ ያለ ደመወዝ ትሠራ ነበር። በምርጫ ሰሞን ግን ይኸው መረብ መራጭ ለማስመዝገብና ለማሰለፍ ዋለ። ስለዚህ አንዳንድ አጥኚዎች የሴቶች አመራር ማፍሪያ ሲሉት ሌሎች የፓርቲ ክንድ ይሉታል። ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንዲት ሴት በዚያ መዋቅር ውስጥ በሕዝብ ፊት መናገር ልትለምድ፣ የምትናገረው ግን ከላይ የወረደውን ሊሆን ይችላል።

ከዚያ በላይ ያለው የወንበር አደላደል ነው። በቀበሌ ካቢኔ ውስጥ ለሴት የሚደርሰው ቦታ በተለምዶ የሴቶች ጉዳይ ነው። ሊቀ መንበርነት፣ ጸጥታና ሚሊሻ በወንዶች እጅ ይቆያሉ። የስብሰባው ሰዓትም ራሱ ይመርጣል፤ ማሽላ ሲያሽት ወፍ ከሚጠበቅበት ሰዓት ጋር የተጋጨ ስብሰባ ማንን እንደሚያስቀር ለመገመት አይከብድም። አጀንዳውን የሚያውቀው ቀድሞ የመጣው ነው።

በመንግሥት መዋቅር ዳር ሌላ መዋቅር አለ። በየጁና በአጎራባች የወሎ አካባቢዎች ደም የሚያደርቁት፣ ጠብ የሚያበርዱት አበጋሮች ናቸው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይታዘዝላቸዋል፤ ቃላቸው ከፖሊስ ጣቢያ ወረቀት ይልቅ የሚከበርበት ጊዜ አለ። አበጋርነት በዘር የሚወርድ ነው፤ ወንበሩም በአብዛኛው የወንድ ነው። ሴት ተበዳይ ብትሆንም ጉዳይዋ በአባቷ ወይም በወንድሟ አፍ ይቀርባል። “ሴት በማጀት፣ ወንድ በችሎት” የሚለው ተረት እዚህ ሥርዓት ሆኖ ይኖራል።

ግን በዚያው ወሎ ዱበርቶችም አሉ። ቡና አፍልተው ዱዓ የሚያደርጉ፣ የሚመርቁ፣ እርግማናቸው የሚፈራ አሮጊቶች ናቸው። ድርቅ ሲበረታ፣ ጠብ ሲነሣ ሰው ወደ እነሱ ይሄዳል። ወንበር የላቸውም፤ በየትኛውም የመንግሥት ቁጥር ውስጥ አይገቡም፤ ቃላቸው ግን ይሰማል። የተሳትፎ ጥናቶች ቀበሌን ሲቆጥሩ ዱበርቶችን አይቆጥሩም። እንዲህ ያለውን ተሰሚነት እንደ ፖለቲካ እንቁጠረው ወይስ እንደ መጽናኛ የሚለው ያልተቋጨ ክርክር ነው። እንደ ፖለቲካ ቆጥሮ ማወደስ ሴቶችን ከበጀቱ ጠረጴዛ ማራቂያ ሰበብ እንዳይሆን የሚሰጉ አሉ። ስጋታቸው መሠረት አለው፤ ምርቃት የመስኖ ቦይ አይቆፍርም።

ጦርነቱ ያመጣው

በሰሜኑ ጦርነት ወቅት፣ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሕወሓት ኃይሎች ወልድያን ያዙ፤ ከተማዋ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በእጃቸው ቆየች። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በአማራ ክልል ከነፋስ መውጫ እስከ ቆቦ ሴቶች ላይ የተፈጸመውን መደፈር መዝግቧል። ጦርነቱን ያስቆመው የጥቅምት 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት ሲፈረም የሁለቱ ወገን ፈራሚዎች አቶ ሬድዋን ሁሴንና አቶ ጌታቸው ረዳ ነበሩ፤ ከሦስቱ የአፍሪካ ኅብረት ሸምጋዮች አንዷ ደቡብ አፍሪካዊቷ ፉምዚሌ ምላምቦ ንጉካ ናቸው። ከ9 ወር በኋላ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተቀሰቀሰ፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ታወጀ።

ጦርነት በተሳትፎ ላይ ሁለት ተቃራኒ ነገር ያደርጋል። በአንድ በኩል ወንዶች በተሰደዱበትና በሞቱበት ቤት ሴቶች የቤቱ ራስ ይሆናሉ፤ ቀለብና ካሳ ለመጠየቅ በየቢሮው በር ይቆማሉ። በሌላ በኩል ሥልጣን ከምክር ቤት ወደ ጠመንጃ ይሸሻል፤ የጸጥታ ስብሰባ የወንዶች ስብሰባ ነው። በ2014 ዓ.ም. የተቋቋመው የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን ወ/ሮ ሂሩት ገብረሥላሴ ምክትል ዋና ኮሚሽነር ሆነው የተሾሙበት ሲሆን፣ ሴቶችን ከማኅበረሰብ ክፍሎች አንዱ አድርጎ ቆጥሯል፤ የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲም በ2016 ዓ.ም. ጸድቋል። የተደፈረችን ሴት አቤቱታ የሚሰማው ወገን እንዴት ይዋቀር፣ ምስክርነቷስ በመንደሯ ሰላም እንድትኖር ያስችላት ይሆን ወይ የሚለው ግን ከአዋጅ በታች ያለ ሥራ ነው።

ያልተፈቱ ነጥቦች

የመጀመሪያው የሕግ ጥያቄ ነው። ኮታው በሕግ ይሁን ከተባለ ከአንቀጽ 54 ጋር እንዴት ይታረቃል? ወደ ተመጣጣኝ ወይም ቅይጥ ውክልና መሄድ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ይጠይቃል። የ2011ዱ የምርጫ አዋጅ መካከለኛ መንገድ መርጧል፤ ፓርቲዎች ከመንግሥት የሚያገኙት ገንዘብ በከፊል ሴቶችን በማቅረባቸው እንዲለካ አድርጓል። ማበረታቻው ፓርቲዎችን ሴት እንዲያስመዘግቡ ሊገፋ ይችላል፤ የሚያሸንፉበት ቦታ ላይ እንዲያስቀምጧቸው ግን አያስገድድም።

ሁለተኛው የመለኪያ ጥያቄ ነው። ከሦስቱ ነገሮች በቁጥር የሚለካው ወንበሩ ብቻ ነው፤ ሪፖርቶችም የሚለኩትን ይወዳሉ። በአንድ ቀበሌ ስብሰባ ማን ስንት ጊዜ ተናገረ፣ የማን ሐሳብ በቃለ ጉባኤ ተመዘገበ፣ የማን ሐሳብ በጀት አገኘ ብሎ የሚቆጥር መዝገብ ቢኖር ክርክሩ ከእምነት ወደ ማስረጃ ይሸጋገር ነበር። ቃለ ጉባኤው በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት መደርደሪያ ላይ አለ፤ ያነበበው የለም።

ሦስተኛው ነጥብ ከሁለቱም ይጠልቃል። የህንዱ ማስረጃ የተገኘው በየአምስት ዓመቱ በሚደረጉ የመንደር ምርጫዎች ነው። አንዲት ሴት በተመደበላት ዙር ትመራለች፤ በሚቀጥለው መራጩ ሥራዋን ይመዝናል። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ሁሉን አቀፍ የአካባቢ ምርጫ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው። በ2010 ዓ.ም. መደረግ የነበረበት ተራዘመ፤ ከዚያ ወዲህ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ምክር ቤቶች በቀር የቀበሌና የወረዳ ምርጫ አልተደረገም። ስለ ጠቅላላ ምርጫው ብዙ ሲጻፍ ስለዚህ ክፍተት የሚጻፈው ጥቂት ነው።

ክፍተቱ አራቱንም ጎራዎች ይነካል። ቁጥር ይቅደም የሚሉት የታችኛው ወንበር ሳይታደስ ቁጥሩ የማን ቁጥር እንደሆነ ማሳየት አይችሉም። ፉክክር ይቅደም የሚሉት ሴት ለሴት፣ ጎረቤት ለጎረቤት የምትወዳደርበትን ሜዳ አጥተዋል። የማኅበራት ሥልጠና የሚያሠለጥናት ሴት የምትወዳደርበት ምርጫ ከሌለ ሥልጠና ብቻ ሆኖ ይቀራል። ደብተር ይቅደም የሚሉትም ደብተሩን የሚያስከብረው የቀበሌ መሬት ኮሚቴ እንደገና ሳይመረጥ ሲቀር መከራከሪያቸው ይዳከማል። የማይመረጥ ወንበር፣ ሴትም ወንድም ይቀመጥበት፣ ተጠሪነቱ ለሾመው ነው።

በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. የ17 ዓመት ልጅ የነበረች የመርሳ ወጣት የዚያን ዓመት ዕድሜዋ አልደረሰም ተብላ ወደ ቤቷ ተመልሳለች እንበል። ዛሬ 30 ዓመት ሞልቷታል፤ ምናልባት ደብተር ላይ ፎቶዋ አለ፣ ልጆችም አሏት፣ ጦርነትም አልፎባታል። የአገሪቱን ፓርላማ የመምረጥ ዕድል በወረቀት ላይ ነበራት። የውሃ ቧንቧዋን፣ የልጇን ትምህርት ቤትና የማሳዋን ድንበር የሚወስነውን ቀበሌ ግን አንድም ቀን መርጣ አታውቅም።